ሆርሞን ሲሰባበር ትኩሳት ያመጣል ወይ?

ጥያቄ፦ «ዕድሜዬ 27 ነው፤ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ዓመት አለፈው፤ በየወሩ ማለት ይቻላል፣ የወር አበባዬ ሊመጣ ሲል ወይም በመጣ በመጀመሪያው ቀን ብርድ ብርድ ይለኛል፣ ትኩሳቴ 39 ይደርሳል፣ ሆዴን ይቆርጠኛል። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ በራሱ ይተወኛል። ታይፎይድ ነው ተብዬ አራት ጊዜ መድኃኒት ወስጃለሁ። አምና ወባ ተገኝቶብኝ ታክሜያለሁ። እናቴ ምች ነው ብላ ዳማከሴ ታሸኛለች። አሁን አንድ የጤና ባለሙያ ‹ሆርሞንሽ ሲሰባበር የሚቀረው ዝቃጭ ነው ትኩሳት የሚያመጣብሽ› አለኝ። እውነት ነው? ምርመራ አለው? ዝቃጩን ከሰውነቴ የሚያወጣልኝ ነገርስ? መድኃኒት ቤት ዴክሳ ሲሰጡኝ በአንድ ቀን ይተወኛል፤ ብቀጥልበት ምን አለው?»

ምላሽ፦ ባለሙያው የነገረዎት ነገር ከሜዳ የተነሣ ወሬ አይደለም፤ የሆርሞን ስብርባሪ የሰውን ትኩሳት እንደሚያስነሣ በሙከራ ታይቷል። የእርስዎን ትኩሳት ያመጣው እሱ ነው ለማለት ግን ገና ብዙ ይቀራል። እዚያ ከመድረስዎ በፊት መመርመር ያለባቸው፣ በጎጃም ምድር ከዚህ እጅግ የሚበዙ ምክንያቶች አሉ።

መጀመሪያ አንድ የቃል መምታታት እናጥራ። መድኃኒት ቤት «ስቴሮይድ» ሲባል ዴክሳሜታሶን (ዴክሳ)ና ፕሬድኒሶሎን ናቸው፤ እነዚህ ብግነትን (የሰውነትን መቆጣት) ያፍናሉ፣ ትኩሳትን ያወርዳሉ። ስቴሮይድ ግን የአንድ ትልቅ የኬሚካል ቤተሰብ ስም ነው። ቴስቶስቴሮን፣ ፕሮጄስትሮን፣ ኤስትሮጅንና ኮርቲሶል ሁሉም የዚያ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ትኩሳት ያመጣሉ የተባሉት መድኃኒቶቹም ሆርሞኖቹም አይደሉም። ጉበት ሆርሞኖቹን ሥራቸውን ጨርሰው ሲያፈርሳቸው የሚወጡ ሁለት ስብርባሪዎች ናቸው፦ ከቴስቶስቴሮንና ከመሰሎቹ የሚገኘው ኢቲዮኮላኖሎን፣ ከፕሮጄስትሮን የሚገኘው ፕሬግናኖሎን። ቴስቶስቴሮንና መሰሎቹ በሴትም ሰውነት በመጠኑ ስላሉ ኢቲዮኮላኖሎን የወንድ ብቻ አይደለም።

የሚገርመው የቅርጻቸው ነገር ነው። ጉበት ሆርሞኑን ሲያፈርስ በአንዱ ጥግ ላይ ሃይድሮጅን ይጨምርበታል። ሃይድሮጅኑ በአንድ በኩል ከገባ ሞለኪውሉ እንደ ምጣድ ዝርግ ሆኖ ይቀራል፤ በሌላው በኩል ከገባ እንደ ማጭድ ይታጠፋል። ዝርጉ አንድሮስቴሮን ይባላል፤ የታጠፈው ኢቲዮኮላኖሎን ነው። የሁለቱ አተሞች በዓይነትም በቁጥርም አንድ ናቸው፤ ልዩነታቸው የአንዲት ሃይድሮጅን አቀማመጥ ብቻ ነው። ሆኖም አንድሮስቴሮን ሰው ጡንቻ ውስጥ ሲወጋ ትኩሳት አያመጣም፤ ኢቲዮኮላኖሎን ያመጣል።

ይህ የታወቀው በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነው። ተመራማሪው አታላህ ካፓስና ባልደረቦቹ በ1957 እንደጻፉት፣ ንጹሕ ኢቲዮኮላኖሎን የተወጉ ሰዎች ወዲያው አልታመሙም። ሰዓታት አልፈው ብርድ ብርድ አላቸው፣ ራሳቸውንና ጡንቻቸውን አመማቸው፣ ትኩሳታቸው ወጣ፣ የተወጉበት ቦታ ቀላና አበጠ፣ በደማቸው ውስጥ ያሉት ነጭ የደም ሴሎች ቁጥርም ጨመረ። በባክቴሪያ መርዝ የሚመጣ ትኩሳት ግን ከአንድ ሁለት ሰዓት አይዘገይም። ሌላው ለየት ያለ ነገር፣ ይኸው ንጥረ ነገር ጥንቸልንና ሌሎቹን የቤተ ሙከራ እንስሳት አላተኮሳቸውም፤ የሰው ብቻ ነገር ነበር። በማግሥቱ ዓመት ፊሊፕ ቦንዲና ባልደረቦቹ በየጊዜው እየተመላለሰ ትኩሳት የሚይዛቸውን ሕሙማን መርምረው ትኩሳቱን ከዚሁ ንጥረ ነገር ጋር አያያዙት፤ በሽታውም «የኢቲዮኮላኖሎን ትኩሳት» ተባለ። እርስዎን ያየው ባለሙያ የነገረዎት፣ በሌላ አነጋገር፣ ይህንኑ ስም ነው።

ስሙ ግን አልዘለቀም። በ1960ዎቹ በሽተኞቹ ደም ውስጥ ነፃው ኢቲዮኮላኖሎን በተደጋጋሚ ሲለካ መጠኑ ከትኩሳቱ ጋር አብሮ አይወጣም አይወርድም ነበር። አንዳንዱ እየተኮሰ መጠኑ ዝቅ ይላል፤ አንዳንዱ መጠኑ ከፍ ብሎ ደኅና ይውላል። ስለዚህ ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑ ቀርቶ ነገሩ ለአሥርት ዓመታት ተዳፍኖ ቆየ።

እንደገና የተቆሰቆሰው በ2022 ነው። በነጭ የደም ሴሎቻችን ውስጥ ፓይሪን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ስሙ ራሱ «እሳት» ከሚለው የግሪክ ቃል የተወሰደ ነው። ይህ ፕሮቲን ሁለት ማስጠንቀቂያ የተገጠመለት ዘበኛ ነው ይበሉት፦ የመጀመሪያው ሲነካ ይነቃል፣ ሁለተኛው ሲነካ ይጮኻል። ሲጮህ ሴሉ ኢንተርሉኪን 1 የሚባል መልእክተኛ ይለቃል፤ መልእክተኛው አንጎል ውስጥ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር እንዲመረት አድርጎ የሰውነትን የሙቀት ልክ ከ37 ወደ 39 ከፍ ያደርገዋል። ያን ጊዜ 37 ላይ ያለው ገላ ራሱን እንደ በረደው ይቆጥራል፤ ጋቢ ደርበው የሚንቀጠቀጡት ለዚህ ነው። ፈረንሳይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ያሳዩት፣ ኢቲዮኮላኖሎንና ፕሬግናኖሎን በትንሽ መጠን ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ እንደሚነኩ፣ በብዙ መጠን ደግሞ ብቻቸውን ፓይሪንን እንደሚያስጮኹ ነው። የሚሠሩበት የፓይሪን ክፍል የአይጥ ፓይሪን ላይ የለም። እንስሳቱ ላይ ትኩሳት ያልታየበት የድሮ እንቆቅልሽ በዚህ አንድ መልስ አገኘ።

የፓይሪን ዘረመል (ክሮሞሶም 16 ላይ ያለው፣ በ1997 የተገኘው) ከተዛባ «የሜዲትራኒያን ቤተሰባዊ ትኩሳት» የሚባል በሽታ ይመጣል። በአርመኖች፣ በቱርኮች፣ በአረቦችና በአይሁድ ዘንድ ይበዛል፤ ሌላ ቦታ ያለ ሰውን ግን አይዝም ማለት አይደለም። ምልክቱ ከ12 እስከ 72 ሰዓት የሚቆይ ትኩሳት ከሆድ፣ ከደረት ወይም ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር፣ ከዚያም ፍጹም ደኅና መሆን ነው። በአንዳንድ ሴቶች ከወር አበባ ጋር ይገጥማል። ይህ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ሴሎች ለሁለቱ ስብርባሪዎች ከጤነኛ ሰው ሴሎች ይልቅ ይቆጣሉ። ባለሙያው ያለው ነገር ከእርስዎ ታሪክ ጋር ሊገናኝ የሚችለው በዚህች ቀጭን ክር ብቻ ነው።

ቀጭን ያልኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው መጠኑ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሴሎቹን ብቻውን ለማስነሣት የሚፈለገው መጠን በማይክሮሞላር ይቆጠራል፤ በደም ውስጥ በነፃ የሚዞረው በናኖሞላር ነው፣ ማለትም በሺህ እጅ በሚያንስ መለኪያ። ጉበት ስብርባሪውን እንዲሁ አይለቀውም፤ ከስኳር አሲድ ወይም ከሰልፌት ጋር አስሮ ወደ ኩላሊት ይሸኘዋል። የታሰረው ደግሞ ትኩሳት አያመጣም።

ሁለተኛው ጊዜው ነው፤ ብዙ ሰው የሚስተውም ይህን ነው። ፕሮጄስትሮን የሚበዛው እንቁላል ከወጣ በኋላ ባለው ሳምንት፣ በ28 ቀን ዑደት ከ19ኛው እስከ 23ኛው ቀን ገደማ ነው። ስብርባሪውም የሚበዛው ያኔ ነው። የወር አበባ ሊመጣ ሲል ግን ሆርሞኑ ወድቋል። እርስዎን ትኩሳት የሚይዘዎት ምርቱ በሚያልቅበት እንጂ በሚከመርበት ጊዜ አይደለም። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በፕሬግናኖሎን ላይ መጫን አይገጥምም፤ ይልቅ ሆርሞኖቹ በድንገት መውረዳቸውና ማኅፀን በዚያ ሰዓት የሚያመርተው ፕሮስታግላንዲን ነገሩን ቢያባብሱት የበለጠ ያስኬዳል። ፕሮጄስትሮን ራሱ የሴትን ሙቀት በወሩ ሁለተኛ አጋማሽ ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ከፍ ያደርጋል፤ ይህ ጤናማ ነው፤ 39 ግን መቼም አያደርስም።

«ዝቃጩን የሚያወጣ» ላሉት፦ ዝቃጭ የሚባል የተጠራቀመ ነገር የለም። ኢቲዮኮላኖሎን ከማንኛውም ጤነኛ ሰው በየቀኑ በጥቂት ሚሊግራም በሽንት ይወጣል። «ጉበት የሚያጥብ» ተብሎ የሚሸጥ ቅጠልና ሥር ይህን አያፋጥንም፤ እንዲያውም አንዳንዱ ሥራውን የሚሠራውን ጉበት ራሱን ይጎዳል። የእናትዎን ዳማከሴ ማሸት አልቃወምም። የምቃወመው ዳማከሴው «አሻለኝ» እያሰኘ ትኩሳቱ ባለበት ቀን ደም ሳይመረመር ሲቀር ነው። ምርመራ አለው ወይ ላሉት ደግሞ፣ የኢቲዮኮላኖሎን የደም ልኬት ውጭ አገር ሄደው ቢያገኙት እንኳ ሕክምናዎን አይለውጠውም። ገንዘብዎን አያውጡበት።

አሁን ወደሚያዋጣው እንምጣ። አምና የያዘዎት ወባ የትኛው ነበር? የፍኖተ ሰላም አካባቢ ወባ ያለበት ነው፤ ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት ደግሞ ጉበት ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የሚነሣ ነው። ደሙን የሚያጠራው መድኃኒት የተኛውን አይነካውም፤ ለእሱ ፕሪማኩዊን ለ14 ቀን መወሰድ አለበት። ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን ሲሻለው ያቋርጠዋል፤ ከዚያ «በየወሩ ይመላለስብኛል» ይላል። ካርድዎን ይፈልጉና ይዩ። ፕሪማኩዊን በእርግዝና ጊዜ አይሰጥም፤ ጂ6ፒዲ የሚባል ኤንዛይም የጎደለበትን ሰውም ደም ያፈርሳል፤ ስለዚህ በራስዎ ገዝተው የሚውጡት አይደለም።

ታይፎይዱን በተመለከተ፣ አራት ጊዜ ታይፎይድ መያዝ የማይመስል ነገር ነው። ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል የደም ምርመራ የሚያየው ጀርሙን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ አንዴ የተገኘ የ1፡160 ውጤት ካለፈ በሽታ ወይም ከሌላ ተመሳሳይ ጀርም ሊመጣ ይችላል። ሦስት ቀን ቆይቶ በራሱ የሚጠፋ ትኩሳት የታይፎይድ ጠባይ አይደለም፤ ታይፎይድ ካልታከመ ሳምንታት ይቆያል። መድኃኒቱን በጀመሩ በሦስተኛው ቀን የተሻለዎት መድኃኒቱ ሠርቶ ሳይሆን ትኩሳቱ የሚሄድበት ቀን ደርሶ ሊሆን ይችላል። አራት ጊዜ የተወሰደው የታይፎይድ መድኃኒት ለሌላ ቀን ጀርም ማለማመጃ ሆኖ ነው የቀረው።

ከእነዚህ ቀጥሎ በቅማል የሚተላለፈው የሚያገረሽ ትኩሳት (ግርሻ)፣ ያልፈላ ወተት የሚጠጣ ወይም ከብት የሚያዋልድ ሰው የሚይዘው ብሩሴሎሲስ፣ ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ የሽንት ቧንቧና የማኅፀን ቱቦ ብግነት አሉ። በወር አበባ ሰሞን ለሚመጣ የሆድ ቁርጠት የማኅፀን ቱቦ ብግነትና ከማኅፀን ውጭ የበቀለ የማኅፀን ግድግዳ ሳይታዩ መታለፍ የለባቸውም። እርግዝናም በሽንት ምርመራ ይጣራ።

ያለ አንድ ነገር ሐኪሙም ምንም ማድረግ አይችልም፦ መዝገብ። ዲጂታል ቴርሞሜትር ይግዙ። ብብትዎን አድርቀው፣ ጫፉን መሃል ላይ አስገብተው፣ ክንድዎን ገጥመው ድምፅ እስኪያሰማ ይጠብቁ። ትኩሳት በያዘዎት ቀናት ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት፣ ማታ 3 ሰዓት ይለኩ፤ ፓራሲታሞል የሚወስዱ ከሆነ ከመውሰድዎ በፊት። በተራ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ላይ ቁጥሩን፣ የወር አበባ ቀኑን፣ የቆረጠዎትን ቦታና የወሰዱትን መድኃኒት ይጻፉ። ሦስት ወር ይበቃል። ብዙ ጊዜ መዝገቡ ሲታይ «በየወሩ ከወር አበባ ጋር» የተባለው ትኩሳት አንዴ ይገጥማል፣ ሁለቴ ይስታል።

ደም የሚሰጡት ትኩሳቱ ባለበት ቀን ነው፤ ከተሻለዎት በኋላ መሄድ ከንቱ ድካም ነው። የወባ የደም ፊልም ይሠራ፤ ባይገኝና ትኩሳቱ ባይለቅ በማግሥቱ ይደገም። እዚያው ስላይድ ላይ የግርሻው ጀርም እንደ ተጠማዘዘ ክር ሆኖ ይታያል፤ ላቦራቶሪው ወባን ብቻ ሳይሆን እሱንም እንዲያይ ይጠይቁ። ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ኢኤስአርና ሲአርፒ (ሁለቱም ብግነት መኖሩን የሚያሳዩ የደም ልኬቶች)፣ የሽንት ምርመራም ይጨመሩ። ከዚያ ከተሻለዎት ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲአርፒው ይደገም፤ ይህ ሁለተኛው ልኬት ነው ብዙውን የሚናገረው። በትኩሳቱ ቀን ሰማይ ወጥቶ በደኅናው ቀን ወደ ልኩ ከወረደ፣ ጀርምም ካልተገኘ፣ ከሰውነት ከራሱ የሚነሣ ብግነት ነው ብሎ ማሰብ ይቻላል። በደኅናው ቀንም ከፍ ብሎ ከቆየ የተደበቀ ኢንፌክሽን፣ በተለይ ቲቢ፣ ይፈለግ። 39 እየተኮሰ ሲአርፒው ዝቅተኛ ከሆነ ደሙ ትኩሳቱ እንደጀመረ ቶሎ ተወስዶ ወይም ቴርሞሜትሩ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል።

ዴክሳውን ያቁሙ። በአንድ ቀን የሚተውዎት የበሽታውን ምንጭ ስላገኘው ሳይሆን ማንኛውንም ብግነት ስለሚያፍን ነው፤ ወባንም ቲቢንም ለጊዜው ዝም ያሰኛል። አንዲት የ4 ሚሊግራም መርፌ ከ27 ሚሊግራም ገደማ ፕሬድኒሶሎን ጋር እኩል ናት፤ ቀላል አይደለችም። እየተደጋገመ ሲወሰድ ቲቢን ይቀሰቅሳል፣ ስኳርንና ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ በባዶ እግር ከአፈር የገባ ስትሮንጂሎይደስ የሚባል የአንጀት ትል ካለም በመላ አካል ተሠራጭቶ ሊገድል ይችላል። ከሦስት ሳምንት በላይ በተከታታይ ወስደው ከሆነ ግን በአንድ ቀን አይጣሉት፤ የራስዎ ኮርቲሶል ተኝቷልና ሐኪም ቀስ በቀስ ያውርደው። ለትኩሳቱና ለቁርጠቱ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱ (በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ሳያልፍ) ወይም፣ የጨጓራ ወይም የኩላሊት ሕመም ወይም እርግዝና ከሌለ፣ ኢቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ ጋር ይበቃል።

ዲፖ (የሦስት ወሩ የእርግዝና መከላከያ መርፌ) የሚወስዱ ሴቶችም ይህንኑ ሲሰሙ ስለሚደነግጡ በአንድ ዐረፍተ ነገር ልጥቀሰው፦ መርፌው ውስጥ ያለው ሆርሞን ከተፈጥሮው ፕሮጄስትሮን በኬሚካል ቅርጹ ስለሚለይ ሲፈርስ ፕሬግናኖሎን አይሆንም።

ኢንፌክሽኖቹና የማኅፀን ችግሮቹ ተጣርተው፣ መዝገቡና ሁለቱ ሲአርፒዎች ከላይ ባልኩት መንገድ ከገጠሙ፣ የሚሞከረው ኮልቺሲን ነው። በሜዲትራኒያን ቤተሰባዊ ትኩሳት ላይ መሥራቱ ከ1972 ጀምሮ ይታወቃል፤ ፓይሪን የሚጮኽበትን መንገድ ይዘጋል። ለአዋቂ ብዙ ጊዜ በቀን 1 ሚሊግራም ተጀምሮ፣ ትኩሳት ኖረም አልኖረም በየቀኑ ይወሰዳል፤ ትኩሳቱ ሲመጣ ብቻ ቢወስዱት አይጠቅምም። ከሦስት እስከ ስድስት ወር ታይቶ ትኩሳቱ ከጠፋ ወይም በጣም ከቀነሰ መልሱ ተገኝቷል ማለት ነው። ተቅማጥ ያመጣል፤ ከክላሪትሮማይሲንና ከአንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ በሰውነት ውስጥ ተከማችቶ ይመርዛል። ከመጠን በላይ ከተዋጠ ማርከሻ የለውም፤ ሕፃናት በማይደርሱበት ይቀመጥ። ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩ ቢያንስ በየስድስት ወሩ ይታይ፤ ይህ በሽታ ሳይታከም ከቆየ ኩላሊትን የሚያበላሽ አሚሎይድ የሚባል ፕሮቲን ያስቀምጣል። የፓይሪን የዘረመል ምርመራ ቢገኝ መልካም ነው፤ ባይገኝ ግን ኮልቺሲኑን አያስጠብቅም።

እንግዲህ የምመክርዎ ይህን ነው። በዚህ ሳምንት የአምናውን የወባ ካርድ ፈልገው ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ይሂዱና ፕሪማኩዊን መውሰድ አለመውሰድዎን ያጣሩ፤ መዝገቡን ዛሬ ይጀምሩ፤ በሚቀጥለው ትኩሳት ቀን ያለ ዴክሳ ደም ይስጡ። ሦስት ወር ሲሞላ መዝገቡንና ውጤቶቹን ይዘው ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ያለ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ዘንድ ይቅረቡ። ሆድዎ እንደ እንጨት ከጠጠረ፣ አንገትዎ አልታጠፍ ካለ፣ ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ፣ ከዘባረቁ ወይም ራስዎን ከሳቱ፣ እርጉዝ መሆንዎ ከታወቀ፣ ወይም ትኩሳቱ 72 ሰዓት ካለፈ ግን መዝገብ መሙላቱን ትተው በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይግቡ። ለሆድ ቁርጠቱ ቀዶ ሕክምና ከታሰበም ትኩሳቱ በየወሩ እየመጣ በራሱ የሚሄድ መሆኑን ለቀዶ ሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩት፤ በዚህ ዓይነት ቁርጠት ጤነኛ ትርፍ አንጀታቸው የወጣባቸው ሰዎች ጥቂት አይደሉም።